የሐጅ ክትባትና «10 ቀን»፦ አንቲቦዲ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት ይመረታል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ እትም የጥናት ዓምዳችን የምንመለከተው ርዕስ በፍሬሽማን ጄኔራል ባዮሎጂም ሆነ በባዮሎጂና በጤና ትምህርት ክፍሎች ፈተና ላይ ተደጋግሞ የሚመጣ ነው፤ ሂዩሞራል ኢሚውኒቲ፣ ማለትም ሰውነት በፀረ እንግዳ አካላት ወይም በተለምዶ አንቲቦዲ በምንላቸው ፕሮቲኖች ራሱን የሚከላከልበት መንገድ። ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ የምናውቀው በስም ዝርዝር ነው። ቢ ሴል፣ ፕላዝማ ሴል፣ አይጂኤም፣ አይጂጂ እያልን ለፈተና እንሸመድደዋለን፤ ከፈተና በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ትምህርቱን ሁላችንም በቅርብ ከምናውቀው ጉዳይ ጋር አያይዘን እንየው፤ ሐጅና ዑምራ ከሚሄድ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት ጋር።

ሳዑዲ ዓረቢያ ለሐጅና ለዑምራ የሚገቡ ሰዎች አራት ዓይነት የማጅራት ገትር ባክቴሪያዎችን የሚከላከል ክትባት እንዲወስዱ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከመድረሻው ቀን ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት። በአንደኛው ዓይነት ክትባት የተሰጠ ማስረጃ ለ3 ዓመት፣ በሌላኛው ዓይነት የተሰጠው ደግሞ ለ5 ዓመት ያገለግላል። 10 ቀን፣ 3 ዓመት፣ 5 ዓመት። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ከሥር መሠረታቸው ማስረዳት የቻለ ተማሪ የሂዩሞራል ኢሚውኒቲን ምዕራፍ ገብቶታል ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ ደግሞ የፈተና ብቻ አይደለም። ክትባቱን በበረራው ዋዜማ የሚወስድ አለ። «ዋናው ካርዱ ነው» ብሎ መርፌውን ሳይወጋ ወረቀቱን ብቻ የሚፈልግም አለ። ለአባቱና ለእናቱ፣ ለአያቱና ለጎረቤቱ ነገሩን የሚያስረዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ነው። ያ ልጅ እናንተ ናችሁ።

በሽታውና ሐጅ

ማጅራት ገትር የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን መቆጣት ነው። ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱ ማኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ በወረርሽኝ መልክ የሚስፋፋው በተለይ እሱ ነው። የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በሳልና በምራቅ ነው። በሽታው በሰዓታት ውስጥ ይከፋል። ሕክምና እያገኙም ከታመሙ 10 ሰዎች 1 ያህሉ ይሞታሉ፤ ከሚተርፉትም የመስማት ችሎታቸውን የሚያጡ ወይም ሌላ ዘላቂ ጉዳት የሚቀርባቸው አሉ።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው አካባቢ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ይባላል። ስሙን ያወጣው ላፔይሶኒ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም 1963 እ.ኤ.አ. ነበር። አገራችን በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ. ያየቻቸው ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው ከ40 ሺህ በላይ ሰው አሳምመዋል።

የሐጅ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በ1407 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1987 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሐጅ ነው። በዚያ ዓመት በሐጃጆች መካከል በ«ኤ» ዓይነት ማኒንጎኮከስ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ተመላሾችም ባክቴሪያውን ወደየአገራቸው ወሰዱት። በቀጣዩ ዓመት ያው ዝርያ በሱዳን፣ በቻድና በኢትዮጵያ ታየ። ከዚያ በኋላ ክትባት የቪዛ ቅድመ ሁኔታ ሆነ። ክትባቱ የሚከላከለው ግን «ኤ» እና «ሲ» የተባሉትን ዓይነቶች ብቻ ነበር። በ1420 ሂጅራ፣ ማለትም በ2000 እ.ኤ.አ. ሐጅ ደግሞ «ደብልዩ 135» የተባለ ሌላ ዓይነት ተነሥቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐጃጆችንና የቤተሰብ አባሎቻቸውን በተለያዩ አገሮች አሳመመ። ስለዚህ መስፈርቱ «ኤ»፣ «ሲ»፣ «ደብልዩ» እና «ዋይ» የተባሉትን አራቱንም ወደሚሸፍነው ክትባት ተለወጠ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን የባዮሎጂ ትምህርት እናገኛለን። «ኤ»ንና «ሲ»ን በሚገባ የሚያውቅ አንቲቦዲ «ደብልዩ»ን አያውቀውም። ይህ ባሕርይ ስፔሲፊሲቲ ይባላል። አንቲቦዲ የሚያውቀው የባክቴሪያውን ስም ሳይሆን የላይኛውን ገጽ ቅርጽ ነው። የማኒንጎኮከስ ዓይነቶች ደግሞ የሚለያዩት ከላይ በለበሱት የስኳር ሽፋን፣ ማለትም በፖሊሳካራይድ ካፕሱላቸው ነው።

«ሂዩሞራል» የሚለው ስም ከየት መጣ?

ቃሉ የመጣው «ፈሳሽ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። የጥንት ሐኪሞች የሰውን ጤና በአራት የሰውነት ፈሳሾች ሚዛን ያስረዱ ነበር። ኪታብ የቀራን ሰዎች ይህንን «አኽላጥ» በሚለው ቃል እናውቀዋለን፤ ኢብን ሲናም በ«አልቃኑን ፊ ጢብ» በሰፊው ይዞታል። ዛሬ ያ የአራት ፈሳሾች አስተሳሰብ ቀርቷል፤ ስሙ ግን ለሌላ ነገር ተርፏል። አሁን «ሂዩሞራል» ስንል በደም ፈሳሽና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ውስጥ ሟሙቶ የሚዞር መከላከያ ማለታችን ነው።

ይህ መከላከያ በፈሳሽ ውስጥ መኖሩን በሙከራ ያሳዩት በ1890 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ናቸው። በመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ላይ የመከላከል አቅም ካዳበረ እንስሳ ደም ወስደው፣ ሴሎቹን ለይተው፣ ፈሳሹን ብቻ ለሌላ እንስሳ ሰጡ። ተቀባዩም መርዙን ተቋቋመ። ሴል ሳይተላለፍ መከላከያው ከተላለፈ፣ መከላከያው ያለው በፈሳሹ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ መስመር በሠራው ሥራ ነው። በአንጻሩ በቲ ሴሎች በቀጥታ የሚካሄደው መከላከያ በፈሳሹ ብቻ ስለማይተላለፍ ሴሉላር ኢሚውኒቲ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በፈተና ሲጠየቅ ይህን ሙከራ ብታስታውሱ በቂ ነው።

አንቲቦዲ ምን ይመስላል?

አንቲቦዲ ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው፤ ሁለት ከባድ፣ ሁለት ቀላል። አንድ ላይ ሲያያዙ የባላ እንጨት ቅርጽ ይይዛሉ። የባላው ሁለት ጫፎች አንቲጅኑን የሚይዙ ሲሆኑ ከአንቲቦዲ አንቲቦዲ ይለያያሉ። ግንዱ ደግሞ ለሌሎች የመከላከያ ሴሎች «ይህን ያዝኩት፣ ኑ» የሚል ምልክት ነው። ይህን አወቃቀር የገለጡት ኤደልማንና ፖርተር በ1972 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

በግንዱ ልዩነት አምስት ክፍሎች አሉ፦

• አይጂኤም፦ በመጀመሪያ የሚመረተው ነው። አምስት አንቲቦዲዎች ተያይዘው የሚሠሩት ስለሆነ 10 መያዣ ጫፎች አሉት። ኮምፕሊመንትን በማስነሣት ኃይለኛ ነው።
• አይጂጂ፦ በደም ውስጥ ካለው አንቲቦዲ ከሦስት አራተኛ የማያንሰው እሱ ነው። በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናት ወደ ፅንስ የሚያልፈውም እሱ ብቻ ነው።
• አይጂኤ፦ በምራቅ፣ በእንባ፣ በአፍንጫና በአንጀት እርጥበት፣ በእናት ጡት ወተትም ውስጥ ይገኛል።
• አይጂኢ፦ ከአለርጂና ጥገኛ ትላትሎችን ከመከላከል ጋር የተያያዘ ነው።
• አይጂዲ፦ በዋናነት ገና ባልነቁ ቢ ሴሎች ገጽ ላይ የሚገኝ ነው።

ከመርፌው በኋላ ምን ይሆናል?

አሁን አንድ ሐጃጅ ክንዱ ላይ ተወጋ እንበል። የሆነውን ደረጃ በደረጃ እንከተል።

አንደኛ፦ ምርጫ። ቢ ሴሎች የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። «ቢ» የሚለው ፊደል ግን የመጣው ከዶሮ ነው፤ ብሩስ ግሊክ በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ቡርሳ የተባለ የአካል ክፍላቸው የወጣላቸው ዶሮዎች አንቲቦዲ ማምረት እንደሚያቅታቸው አሳየ። እያንዳንዱ ቢ ሴል በገጹ ላይ አንድ ዓይነት መያዣ ብቻ ይይዛል፤ ብዛቱ ግን ወደ 100 ሺህ ይደርሳል። አንዱ ቢ ሴል ከሌላው የሚለየው የመያዣውን ጂን ቁርጥራጮች በተለያየ መንገድ ገጣጥሞ ስለሚሠራ ነው። ይህን ያገኘው ሱሱሙ ቶኔጋዋ በ1987 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እንግዲህ ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት ለማኒንጎኮከስ ስኳር የሚገጥም ቢ ሴል በሰውነት ውስጥ አለ፤ ግን ቁጥሩ በጣም ጥቂት ነው። ክትባቱ አዲስ ቁልፍ አይቀርጽም፤ ካሉት ቁልፎች መካከል የሚገጥመውን ይመርጣል። በርኔት በ1957 ያቀረበው የክሎናል ምርጫ ጽንሰ ሐሳብ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፦ ርዳታ። ከክንድ ተነሥቶ አንቲጅኑ በብብት ወዳሉት ሊምፍ ኖዶች ይሄዳል። የሚገጥመው ቢ ሴል ይይዘዋል፣ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ የፕሮቲን ክፍሉን ቆራርጦ በኤምኤችሲ ክፍል ሁለት ሞለኪውል ላይ አድርጎ ያሳያል። ረዳት ቲ ሴል ያንን ቁርጥራጭ ካወቀው በገጹ ላይ ባለው ሲዲ40 ሊጋንድ በተባለ ሞለኪውልና በሚያመነጫቸው ሳይቶካይኖች «ፈቅጃለሁ» ይለዋል። ይህ የሁለት ፊርማ አሠራር ነው። አንድ ሴል ብቻውን ተሳስቶ የራስን አካል እንዳያጠቃ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠየቃል።

ሦስተኛ፦ መባዛት። ፈቃድ ያገኘው ቢ ሴል ይከፋፈላል። በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን ቢከፋፈል 2 በ10 ራሱ ሲባዛ፣ ከ1 ሴል 1024 ሴሎች ይገኛሉ።

አራተኛ፦ ሥራ መከፋፈል። ከልጆቹ ሴሎች ገሚሶቹ ፕላዝማ ሴል ይሆናሉ፤ አንድ ፕላዝማ ሴል በሴኮንድ እስከ 2000 አንቲቦዲ ያመርታል። 1000 ፕላዝማ ሴሎች ቢኖሩ በቀን ወደ 173 ቢሊዮን አንቲቦዲ ማለት ነው። ገሚሶቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ የትውስታ ሴሎች ይሆናሉ።

አምስተኛ፦ ማሻሻል። በሊምፍ ኖዱ ውስጥ ጀርሚናል ሴንተር የሚባል ስፍራ ይፈጠራል። እዚያ የቢ ሴሎቹ የመያዣ ጂን ሆን ተብሎ ጥቃቅን ለውጥ ይደረግበታል፤ አንቲጅኑን አጥብቆ የሚይዘው ሴል ይቀጥላል፣ የላላው ይሞታል። በዚያው ሂደት ግንዱ ከአይጂኤም ወደ አይጂጂ ይለወጣል። ይህ ክላስ ስዊቺንግ ይባላል። ልብ በሉ፤ በክላስ ስዊቺንግ የሚለወጠው ግንዱ ነው፣ መያዣው ጫፍ ያንኑ አንቲጅን ማወቁን ይቀጥላል። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው።

10 ቀን ለምን?

ከላይ ያሉት ደረጃዎች ጊዜ ይፈልጋሉ። የሚገጥመው ቢ ሴል እስኪገኝ፣ እስኪባዛ፣ ፕላዝማ ሴል እስኪሆንና ያመረተው አንቲቦዲ በደም ውስጥ ለመከላከል በቂ መጠን እስኪደርስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደም ውስጥ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ይህ የዝግጅት ወቅት ላግ ፌዝ ይባላል። በበረራው ዋዜማ የተወጋ ሰው እንግዲህ ካርድ ይዟል እንጂ አንቲቦዲ ገና አልያዘም። መካ ሲደርስ ሰውነቱ ገና መባዛት ላይ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ አንቲጅኑን ያየ ሰው ግን የትውስታ ሴሎች አሉት። ቁጥራቸው ብዙ፣ መያዣቸውም የተሻሻለ ስለሆነ ምላሹ በጥቂት ቀናት ይነሣል፣ ከፍ ይላል፣ ገና ከጅምሩም በአብዛኛው አይጂጂ ይሆናል። የመጀመሪያና የሁለተኛ ምላሽ ግራፍ በፈተና ሲመጣ አራቱን ልዩነቶች ጻፉ፦ ፍጥነት፣ መጠን፣ ዓይነት እና የመያዝ ጥንካሬ።

3 ዓመትና 5 ዓመት ለምን ተለያዩ?

ሁለት ዓይነት ክትባት አለ። የመጀመሪያው ከባክቴሪያው የተወሰደ ንጹህ የስኳር ሽፋን፣ ፖሊሳካራይድ ነው። ሁለተኛው ኮንጁጌት ይባላል፤ ያው ስኳር ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ፕሮቲኑ ብዙ ጊዜ ጉዳት እንዳያመጣ የተደረገ የመንጋጋ ቆልፍ ወይም የዲፍቴሪያ መርዝ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱ። ቲ ሴል የሚያውቀው የፕሮቲን ቁርጥራጭን ነው። ንጹህ ስኳር በኤምኤችሲ ላይ ለቲ ሴል ሊቀርብ አይችልም። ስለዚህ በፖሊሳካራይድ ክትባት ጊዜ ሁለተኛው ፊርማ የለም። ስኳሩ ተደጋጋሚ ቅርጽ ስላለው ብዙ መያዣዎችን ባንድ ጊዜ ይስባል፤ በዚህ ምክንያት ቢ ሴሉ ያለ ቲ ሴል ርዳታ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ምላሹ በአብዛኛው አይጂኤም ነው፣ የጀርሚናል ሴንተር ማሻሻያ አያገኝም፣ ትውስታም አያስቀርም። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ክትባት የሚሰጡት ምላሽ ደካማ ነው።

በኮንጁጌት ክትባት ግን ስኳሩን የሚያውቀው ቢ ሴል ስኳሩን ሲውጥ የተጣበቀውን ፕሮቲን አብሮ ይውጣል። ፕሮቲኑን ቆርጦ ለቲ ሴል ያሳያል። ቲ ሴሉ ፈቃድ የሚሰጠው ፕሮቲኑን አይቶ ነው፤ ቢ ሴሉ ግን የሚያመርተው በስኳሩ ላይ የሚሠራ አንቲቦዲ ነው። በዚህ መንገድ አይጂጂ፣ ማሻሻያና ትውስታ ይገኛሉ።

የዚህ ውጤት በአካባቢያችን ታይቷል። ለአፍሪካ ቀበቶ ተብሎ በ«ኤ» ዓይነት ላይ የተሠራው ሜንአፍሪቫክ የተባለ ኮንጁጌት ክትባት በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. በቡርኪና ፋሶ በዘመቻ መሰጠት ጀመረ። በኢትዮጵያም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዙር ተሰጥቷል። ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከተከተቡ በኋላ ለመቶ ዓመት ገደማ ቀበቶውን ሲያመላልስ የኖረው የ«ኤ» ዓይነት ወረርሽኝ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ አልሐምዱ ሊላህ።

ትውስታ ካለ ማደስ ለምን አስፈለገ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮንጁጌት ትውስታ ካስቀረ፣ ለምን ከ5 ዓመት በኋላ እንደገና ይወጋል? የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን የጨረሰ ጤነኛ ሰው እኮ በአብዛኛው ማደሻ አይጠየቅም።

መልሱ ያለው በበሽታዎቹ ፍጥነት ላይ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ከተጋለጥንበት ቀን አንሥቶ ምልክት እስኪያሳይ ከ1 እስከ 6 ወር ይፈጅበታል። የትውስታ ሴሎች ነቅተው አንቲቦዲ ለማምረት ጥቂት ቀናት ቢፈልጉም ጊዜ አላቸው። ማኒንጎኮከስ ግን ከጉሮሮ ወደ ደም ከገባ በኋላ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። የትውስታ ሴል ከእንቅልፉ ነቅቶ እስኪባዛ በሽታው ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ በዚህ በሽታ ላይ የሚያድነው ትውስታ ሳይሆን ባክቴሪያው በሚገባበት ሰዓት ቀድሞ በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ነው።

አንድ የአይጂጂ ሞለኪውል ደግሞ ለዘላለም አይኖርም። ግማሽ ዕድሜው 3 ሳምንት ያህል ነው። አዲስ ምርት ቢቆም በ12 ሳምንት ውስጥ ከነበረው 16ኛው እጅ ብቻ ይቀራል፤ በዓመት ውስጥ ደግሞ ምንም አይተርፍም ማለት ይቻላል። ከዓመታት በኋላ በደማችን አንቲቦዲ የሚገኘው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ተቀምጠው ሳያቋርጡ የሚያመርቱ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ፕላዝማ ሴሎች ስላሉ ነው። ቁጥራቸው ግን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በኮንጁጌት የተሻለ፣ በንጹህ ስኳር ያነሰ ስለሚቀር ነው አንዱ 5፣ ሌላው 3 ዓመት የሆነው።

አንቲቦዲው ደም ውስጥ ምን ይሠራል?

አራት ሥራዎችን እናስታውስ። መርዝን ወይም ቫይረስን ሸፍኖ ሥራ ማስፈታት፣ ተሕዋስያንን እርስ በርስ አጣብቆ መሰብሰብ፣ ማክሮፌጅ እንዲውጣቸው ምልክት ማድረግ፣ ኮምፕሊመንት የተባሉትን የደም ፕሮቲኖች ማስነሣት ናቸው። ለማኒንጎኮከስ ሦስተኛውና አራተኛው ዋናዎቹ ናቸው። ባክቴሪያው የስኳር ካባ የለበሰው እንዳይዋጥ ነው፤ አንቲቦዲ ካባው ላይ ሲለጠፍ ግን መያዣ ያገኛል። ኮምፕሊመንት ደግሞ በመጨረሻ የባክቴሪያውን ገጽ ይበሳዋል። የመጨረሻዎቹ የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች በተፈጥሮ የጎደሏቸው ሰዎች በዚህ በሽታ ተደጋግመው የሚጠቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ጤነኛ ሰው ምንም ሳይታመም ባክቴሪያውን በጉሮሮው ይዞ ሊዞር ይችላል። በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ጉሮሮ ላይ ያለውን ሁሉ አይደርስበትም። ባክቴሪያውም በዚያ ያለውን አይጂኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው። የፖሊሳካራይድ ክትባት ይህን ተሸካሚነት አይከለክልም፤ ኮንጁጌት ግን ሊቀንሰው ይችላል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታመሙት ሐጃጆች ብቻ ሳይሆኑ ከቤት ያልወጡ ቤተሰቦቻቸውም የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከቀበቶው አገሮች ለሚመጡ ሐጃጆች ከክትባቱ በተጨማሪ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ ጸረ ባክቴሪያ ስትሰጥ የኖረችውም ጉሮሮን ለማጽዳት ነው።

ሰበብ ማድረስና አማና

«የአላህ እንግዳ የሆነ ሰው ምን ይሆናል?» የሚሉ አባቶች አሉ። እምነታቸውን አናቃልልም። ነገር ግን ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከሰርግ መመለሳቸውን፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከቀደር ስለ መሸሽ ሲጠይቋቸውም መመለሱ ራሱ ከአላህ ቀደር ውጭ እንዳልሆነ በለመለመና በደረቀ ሸለቆ ምሳሌ ማስረዳታቸውን በመድረሳ ተምረናል። ተወኩል ሰበብን አይሽርም።

ሳይወጉ ካርድ መያዝ ደግሞ ሁለት በደል አለው። አንዱ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ለዒባዳ የሚደረግን ጉዞ በሐሰት ወረቀት መጀመር ነው። ሌላው የሌላን ሰው ሐቅ መንካት ነው፤ በጠዋፍ ትከሻ ለትከሻ የቆመው አዛውንትና ቤት የቀረው ሕፃን ምንም አላጠፉም።

በረመዳን ዑምራ የሚሄዱ አንዳንዶች «ጾሜ እንዳይፈርስ» ብለው መርፌውን ሲያዘገዩ 10 ቀኑ ያልፋቸዋል። በጅዳ ያለው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ ምግብነት የሌለው የጡንቻ መርፌ ጾምን አያፈርስም ብሏል። ለበለጠ ዝርዝር የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ።

በተግባር ለቤተሰብ የምትነግሩት ይህን ነው፦ ክትባቱን ከጉዞው 10 ቀን በፊት ሳይሆን፣ ከተቻለ ወር ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። የተሰጣችሁ ፖሊሳካራይድ ይሁን ኮንጁጌት ጠይቁ፤ ካርዱ ላይ እንዲጻፍም አድርጉ። የዓመቱን መስፈርት ከመጓዛችሁ በፊት አረጋግጡ። ተከትባችሁም ቢሆን ኃይለኛ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ ከባድ ራስ ምታት ካያችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ክትባቱ የሚሸፍነው አራት ዓይነቶችን ነው እንጂ ሁሉንም አይደለም።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. አንድ ሕፃን ሲወለድ በደሙ የሚገኘው አይጂጂ ከየት መጣ? ለምንስ ከወራት በኋላ ይቀንሳል?
2. ረዳት ቲ ሴሎቹ የተጎዱበት ሰው ለየትኛው ክትባት የሚሰጠው ምላሽ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ለፖሊሳካራይድ ወይስ ለኮንጁጌት?
3. አንድ ሰው ከሳምንት በፊት ተከትቦ በደሙ አይጂኤም ብቻ ቢገኝ ምን ትደመድማላችሁ?

መልስ፦ 1. ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል። ሕፃኑ ራሱ ያላመረተው ስለሆነ በየ3 ሳምንቱ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል። 2. ለኮንጁጌት፣ በቲ ሴል ርዳታ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ። 3. ምላሹ የመጀመሪያ ምላሽ ነው፤ ክላስ ስዊቺንግ ገና በበቂ አልተካሄደም።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ክረምት ወደ ቤት ስትመለሱ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚዘጋጅ ሰው በሰፈራችሁ ካለ ጠይቁት፤ መቼ እንደሚበር፣ መቼ እንደተከተበ። የተማርነው ዒልም ጥቅሙ ከዚያ ይጀምራል። አላህ ጠቃሚ ዒልምን ይስጠን፣ ሐጃጆቻችንን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።